የሴቶች ዶርም ቁልፍ በማን ኪስ ነው?

የሴቶች አዳሪ ትምህርት ቤት ቀልድ ያልሰማ ሰው ካለ እጁን ያውጣ፡፡ የለም፡፡ ሰርግ ቤት ይነገራል፣ ታክሲ ውስጥ ይነገራል፣ ለቅሶ ቤት እንኳ ሦስተኛው ቀን ላይ ሐዘንተኛውን ለማጫወት ይነገራል፡፡ የአዳሪ ቤት ግቢ ረግጦ የማያውቅ ወንድ ሳይቀር «የሴቶች ዶርም ውስጥማ…» ብሎ ሲጀምር አራት ዓመት ሙሉ አልጋ ሥር ተደብቆ የኖረ ይመስላል፡፡

በዚህ ቅር አልሰኝም፡፡ ቀልዱ አለ፣ ብዙውም እውነት ነው፡፡ እኔ ራሴ ከዘጠነኛ እስከ አስራ ሁለተኛ ክፍል አዳሪ ሆኜ ስለተማርኩ ከነሱ የተሻለ ቀልድ አለኝ፡፡ የትምህርት ቤቱን ስም አልጠራም፡፡ ከአዲስ አበባ ግማሽ ቀን የአውቶቡስ መንገድ ነው፣ ብርድ አለ፣ ሽሮ አለ፡፡ ለዛሬ ይህ ይበቃል፡፡

የመጣሁት ለመጨቃጨቅ ነው፡፡ የማውቃቸውን የዶርም ቀልዶች አንድ በአንድ ቆጥሬ ሳያቸው፣ አብዛኞቹ የሚጀምሩት በአንድ ሰዓት ላይ ሆኖ አገኘኋቸው፡፡ ማታ 2 ሰዓት፡፡ ማለትም በሩ ከውጭ በጓጉንቸር ሲቆለፍ፡፡

እስቲ ከባልዲው እንጀምር፡፡ ክፍላችን ውስጥ 24 ተደራራቢ አልጋ ነበር፡፡ 48 ሴት፣ አንድ በር፡፡ መስኮቶቹ ሁሉ የብረት ፍርግርግ አላቸው፡፡ ሽንት ቤቱ ከዶርሙ ጀርባ ሠላሳ እርምጃ ያህል ይርቃል፡፡ በሩ ማታ 2 ሰዓት ተቆልፎ ንጋት 12 ሰዓት ይከፈታል፡፡ ሒሳብ የምትወዱ ጥያቄው ገብቷችኋል፤ 48 ሴት፣ አስር ሰዓት፣ የተቆለፈ በር፣ እራት ላይ ሁለት ሁለት ኩባያ ሻይ፡፡ መልሱ ባልዲ ነው፡፡

ባልዲው የራሱ መንግሥት ነበረው፡፡ ማን ማታ እንደሚያስገባው፣ ማን ጠዋት ተሸክሞ እንደሚያወጣው የተራ ዝርዝር በር ላይ ይለጠፋል፡፡ ዝርዝሩን የምታወጣው የዶርም ተጠሪዋ ናት፡፡ የዶርም ተጠሪዋ ደግሞ ጭኮ ትወዳለች፡፡ ከቤቷ አንድ ጣሳ ጭኮ የተላከላት ልጅ ለሙሉ ሴሚስተር ስሟ ከዝርዝሩ ይሰወራል፡፡ በሶ ያላት ለሁለት ሳምንት ትድናለች፡፡ ቆሎ ብቻ ያላት ድሃ አደግ ሁለት ጊዜ ትሸከማለች፡፡ ሥነ ዜጋ መምህራችን ሙስና ምን እንደሆነ ሊያስረዱን ሰሌዳ ላይ ሲደክሙ፣ እኛ በልባችን «ቲቸር፣ ይሄን እኮ ከጨረስነው ቆየን» እንል ነበር፡፡

ቀጥሎ አይጥዋ አለች፡፡ የአይጥዋን ነገር አጭር ላድርገው፣ ሁሉም ዶርም አንድ አላት፡፡ የእኛይቱ በሌሊት ከላይኛው አልጋ ወደ ላይኛው አልጋ ስትዘል አንዷ ፊት ላይ አረፈች፣ አንዷ ጮኸች፣ 47ቱ ምን እንደሆነ ሳያውቁ ተከተሏት፡፡ የዶርም ኃላፊያችን በሌሊት ልብሳቸው፣ ነጠላቸውን አጣፍተው፣ በአንድ እጃቸው ባትሪ በሌላው መጥረጊያ ይዘው ደረሱ፡፡ በሩን ከፍተው ነገሩ አይጥ መሆኑን ሲሰሙ ለአስር ደቂቃ ያህል ስለ አስተዳደጋችን ንግግር አድርገው ቆልፈውብን ሄዱ፡፡ አይጥዋንም ከኛ ጋር፡፡

እኚህ ኃላፊ በጎ ሴት ነበሩ፡፡ ፊት ለፊት እትዬ እንላቸዋለን፣ ከኋላቸው «እትዬ ቁልፌ»፡፡ ወገባቸው ላይ የታሰረው የቁልፍ ዘለላ ከሩቅ ይሰማል፡፡ ሲታመሙብን ዳማ ከሴ ጨምቀው ያጠጡናል፣ እናቷ የሞተችባትን ልጅ ሦስት ቀን ቤታቸው አስተኝተዋል፡፡ ቤታቸው ግን ከግቢው በር አጠገብ ነው፤ ከእኛ ዶርም የእግር ኳስ ሜዳው ይለየናል፡፡ ቁልፉ ደግሞ ከሳቸው ወገብ አይወርድም፡፡

አሁን የሁሉም ቀልድ አውራ ወደሆነው እንሂድ፡፡ ማታ 4 ሰዓት ላይ መብራት ይጠፋል፡፡ ያኔ የአስረኛ ክፍል ማትሪክ የደረሰባት ግን 4 ሰዓት ላይ ልትተኛ አትችልም ነበር፡፡ ስለዚህ ሻማ አለ፡፡ ሻማው እንዳይታይ ብርድ ልብስ ይከናነቡታል፡፡ አዎ፣ ሻማውን ጨምሮ፡፡ አንዷ ሸምዳጅ ባዮሎጂ እያነበበች እንቅልፍ ወሰዳት፡፡ ብርድ ልብሱ ቀስ ብሎ ተያያዘ፡፡ ከላይ ያለችው ልጅ «ጀርባዬን ሞቀኝ» ብላ ስትነሳ ከታች ጭስ፡፡ ጩኸቱ ቀለጠ፡፡ ውሃ የለም፤ ቧንቧው ውጭ ነው፣ በሃይላንድ ያጠራቀምነው ደግሞ ለፊት መታጠቢያ እንኳ የማይበቃ ጭላጭ፡፡ ያን ጊዜ አንዲት ብልህ ልጅ ባልዲውን አነሳችና ጠቅላላውን ደፋችበት፡፡

እሳቱ ጠፋ፡፡ ሸምዳጇ ዳነች፡፡ የባዮሎጂ መጽሐፉ ግን እስከ ዓመቱ መጨረሻ ክፍል ውስጥ ሲከፈት ሁሉም ወንበሩን ይዞ ይሸሽ ነበር፡፡ ብርድ ልብሱ ላይ የቀረው ቀዳዳ የአፍሪካን ካርታ ስለሚመስል ጂኦግራፊ ሊያስጠኑን ይችሉበት ነበር፡፡ እትዬ ቁልፌ የደረሱት ሁሉ ነገር ካለቀ በኋላ ነው፡፡ ጩኸቱን ሰምተውታል፡፡ «አይጧ መሰለችኝ» አሉ፡፡ ከዘለላው ውስጥ ሦስተኛው ቁልፍ ነው በሩን የከፈተው፡፡

ይህን ታሪክ ስናገር ሳይስቅ የቀረ ሰው አላጋጠመኝም፡፡ እኔም ባልዲው ጋ ስደርስ እስቃለሁ፡፡ እንግዲህ ያንኑ ቀልድ ያለ ባልዲው ልንገራችሁ፡፡

ደቡብ አሜሪካ ውስጥ ጉያና የምትባል ትንሽ አገር አለች፡፡ እዚያ ማዲያ በምትባል የማዕድን ከተማ፣ ከሩቅ የገጠር መንደሮች የመጡ ልጃገረዶች የሚያድሩበት የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ዶርም ነበር፡፡ ግንቦት 2015 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 2023) በአንድ ሌሊት ተቃጠለ፡፡ 20 ልጆች ሞቱ፡፡ ከአንድ ትንሽ ወንድ ልጅ በቀር ሁሉም ሴቶች ናቸው፡፡ ወንዱ የዶርሙ ተንከባካቢ ልጅ ነበር፡፡ መስኮቶቹ የብረት ፍርግርግ ነበራቸው፡፡ በሮቹ ተቆልፈው ነበር፡፡ ለምን ተቆለፉ? ልጆቹ በሌሊት እንዳይወጡ፡፡ ከውጭ የመጡት ሰዎች ግድግዳ ሰብረው ነው ያተረፉትን ያተረፉት፡፡ እሳቱን በመለኮስ የተከሰሰችው የዚያው ዶርም ልጅ ናት፤ ስልኳ ተወስዶባት ተናዳ ነው ተባለ፡፡ ስልክ መቀማት! ይሄ ደግሞ ከእኛ ቀልዶች ውስጥ ቢያንስ አስሩ የሚጀምሩበት ነገር ነው፡፡

ጉያና ሩቅ ነው የሚል ካለ ጎረቤታችን ኬንያ አለች፡፡ ቦምቦሉሉ በሚባል የልጃገረዶች ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት እ.ኤ.አ. መጋቢት 1998 በተነሳ እሳት ከ20 በላይ ተማሪዎች ዶርማቸው ውስጥ ሞቱ፡፡ እዚያም የተቆለፈ በር፣ እዚያም ፍርግርግ፡፡ በሁለቱ እሳቶች መካከል 25 ዓመትና አንድ ውቅያኖስ አለ፡፡ ጓጉንቸሩ ግን ያው ነው፡፡

እዚህ ላይ «እሺ፣ ታዲያ ምን ይደረግ? ክፍት ይደር?» የሚል ድምፅ ይሰማኛል፡፡ የአባቶች ድምፅ ነው፣ ስለዚህ በአክብሮት እመልሳለሁ፡፡ ፍርሃታቸው ከሜዳ የመጣ አይደለም፡፡ በዚህ አገር ሴት ልጅን ከትምህርት ቤት መንገድ ላይ ጠልፎ ሚስት ማድረግ ትናንት የነበረ ነገር ነው፡፡ አበራሽ በቀለ በ14 ዓመቷ ከትምህርት ቤት ስትመለስ የተጠለፈችው እ.ኤ.አ. በ1996 ነው፡፡ ጠላፊዋን ገድላ ተከሰሰች፣ ራሷን ስትከላከል ነው ተብሎ ነፃ ወጣች፣ «ድፍረት» የተባለው ፊልም የተሠራው በሷ ታሪክ ላይ ነው፡፡ በዚያን ጊዜ ይሠራ የነበረው የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ጠላፊው የጠለፋትን ካገባት ከቅጣት ያመልጥ ነበር፡፡ ይህ የተለወጠው በ1997 ዓ.ም. ሥራ ላይ በዋለው የወንጀል ሕግ ነው፡፡ እንዲህ ባለ አገር ልጁን ሩቅ ልኮ የሚያድር አባት ስለ በር ቢጨነቅ ማን ይፈርድበታል?

ግን አባዬ፣ በሩን አብረን እንየው፡፡ ጠላፊው የት ነው ያለው? ውጭ፡፡ ጓጉንቸሩስ? እሱም ውጭ፡፡ ከውጭ የተንጠለጠለ ጓጉንቸር ለመጣ ሰው ምንድነው? በድንጋይ ሁለት ጊዜ ቢመታ የሚወድቅ ብረት ነው፣ መምታት ካልፈለገም ቁልፉ ያለበትን ወገብ ያውቀዋል፡፡ ውስጥ ላለችው ልጅ ግን ጓጉንቸሩ የማይደረስበት ነገር ነው፡፡ ከውስጥ የሚዘጋ ወፍራም መቀርቀሪያ ቢሆን ኖሮ ነገሩ ይገለበጣል፡፡ ሰካራምም ይምጣ ጠላፊ አይገባም፤ እሳት ቢነሳ እሷ ትወጣለች፡፡ ማንም ሰው የገዛ ቤቱን በሌሊት የሚዘጋው እንዲህ አይደል? ሚስቱንና ልጆቹን ከውጭ ቆልፎ ቁልፉን ለጎረቤት ሰጥቶ የሚተኛ አባወራ አይቼ አላውቅም፡፡

ታዲያ ይህን ያህል ግልጽ የሆነ ነገር ለምን አይደረግም? እኔ የምለው እንዲህ ነው፡- ጓጉንቸሩ የተሰቀለው የሚገባውን ለመከልከል አይደለምና፡፡ የምትወጣዋን ለመከልከል ነው፡፡ ዳይሬክተራችን በሰልፍ ላይ የሚወዱት አንድ ቃል ነበራቸው፤ አደራ፡፡ «ወላጆቻችሁ አደራ ሰጥተውናል፡፡» የተሰጣቸው አደራ ሲመነዘር ግን ልጅቷ በሕይወት፣ በጤና፣ ጥሩ ውጤት ይዛ ትመለስ ማለት አልነበረም፤ ስሟ ሳይነሳ ትመለስ ማለት ነበር፡፡ ማዕረግ ይዛ ወጥታ አንድ ምሽት ከተማ ታየች ከተባለች አደራው ተበላ፡፡ አስራ አንደኛ ክፍል ወድቃ አንድም ቀን ካልወጣች አደራው ተጠበቀ፡፡

ማስረጃ አምጪ የሚለኝ ካለ ከኛ ግቢ በእግር አስር ደቂቃ የሚርቀውን የወንዶቹን ዶርም ይጎብኝ፡፡ እነሱ ጋ ጓጉንቸር የሚባል ነገር የለም፡፡ አንድ ዘበኛ አለ፣ ጋቢ ለብሶ ይተኛል፡፡ ልጆቹ ቅዳሜ ማታ አጥር ዘለው ዲኤስቲቪ ቤት ገብተው ፕሪሚየር ሊግ ያያሉ፡፡ ሲያዙ ሦስት ቀን እንጨት ይፈልጣሉ፣ ከዚያ በኋላ እንጨት መፍለጣቸውም ቀልድ ይሆናል፡፡ እነሱም እኮ ይጠፋሉ፣ ይሰክራሉ፣ ይደባደባሉ፣ እግራቸው ይሰበራል፡፡ ስለ ወንዶቹ አደራ ግን ማንም አያወራም፡፡ ቀልዳችን ራሱ ልዩነቱን ይናገራል፤ የወንዶች ዶርም ቀልድ ወጥተው ስለሄዱበት ነው፣ የኛ ስለ ባልዲ፡፡

ይህን የማነሳ ጊዜ ሁለት ዓይነት ሰዎች ይነሱብኛል፡፡

የመጀመሪያዎቹ «ኧረ ቀልዱን አትግደይብን» ባዮቹ ናቸው፡፡ ወንድሞቼ፣ ቀልዱን ማንም አልገደለባችሁም፡፡ ባልዲውን ተሸክሜ በጭጋግ ውስጥ በሲሊፐር ያንሸራተተኝ እኔ ነኝ፡፡ የምስቀውም እኔ ነኝ፡፡ እኛ የሳቅነው አስር ሰዓት ተቆልፎ ከማልቀስ የተሻለ ስለነበር ነው፤ የሳቅነው ግን በጓጉንቸሩ እንጂ ለጓጉንቸሩ አልነበረም፡፡ እናንተ ተረክባችሁ ስታወሩት ጓጉንቸሩ ከታሪኩ ይወጣና የሚቀሩት በአይጥ የሚጮሁ ሴቶች ብቻ ናቸው፡፡ ሙድ መያዝ ካማራችሁ እትዬ ቁልፌን ሦስተኛውን ቁልፍ ሲፈልጉ አስቡና በሳቸው ሙድ ያዙ፡፡

ሁለተኛዎቹ ይብሳሉ፡፡ «አላልኳችሁም? ሴት ልጅ ከቤቷ ውጭ ማደር የለባትም» ይላሉ፡፡ ጽሑፌን ቆርጠው ለልጃቸው ሊያሳዩ መቀሱን አንስተዋል፡፡ መቀሱን ያስቀምጡልኝ፡፡ አዳሪ ቤት ለሴት ልጅ በዚህ አገር ከተሠሩ ጥሩ ነገሮች አንዱ ነው፡፡ እቴጌ መነን በስማቸው የሚጠራውን የልጃገረዶች ትምህርት ቤት አዲስ አበባ ላይ ሲያስከፍቱ ያኔም ሴት ልጅ ከቤት ወጥታ መማሯን የሚያማ ሞልቶ ነበር፡፡ ጣሊያን ሲገባ ተዘጋ፣ ጣሊያን ሲወጣ ተከፈተ፣ በደርግ ጊዜ ስሙ ተቀይሮ የካቲት 12 ተባለ፣ በቅርብ ዓመታት ደግሞ በመሥራችዋ ስም ተመልሶ የልጃገረዶች አዳሪ ትምህርት ቤት ሆነ፡፡ ይህን ቤት በዳይሬክተርነት ከመሩት አንዷ ስንዱ ገብሩ ናቸው፡፡ በልጅነታቸው ስዊዘርላንድ ድረስ ተልከው የተማሩ፣ በጣሊያን ወረራ ጊዜ አዚናራ ደሴት ላይ የታሰሩ፣ እ.ኤ.አ. በ1957 ለፓርላማ የተመረጡ የመጀመሪያዋ ኢትዮጵያዊት፡፡ እኚህን ሴት አባታቸው «ከቤት ውጭ አታድርም» ብለው ቢያስቀሯቸው ኖሮ ዛሬ ስማቸውን ማን ያነሳው ነበር?

ደግሞስ አዳሪ ቤት የሌላት የገጠር ልጅ የት ነው የምታድረው? ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቱ ወረዳ ከተማው ላይ ነው፡፡ ወይ በየቀኑ ሁለትና ሦስት ሰዓት ትሄዳለች፣ ያውም አባቷ በፈራው በዚያው መንገድ ላይ፡፡ ወይ ከሦስት ጓደኞቿ ጋር የጭቃ ቤት ትከራያለች፣ በሯ በገመድ የሚታሰር፡፡ ወይ ዘመድ ቤት ትጠጋና እንጀራ ስትጋግር፣ ልጅ ስታዝል የቤት ሥራዋ ይቀራል፡፡ እኔ ዶርም ውስጥ የምወደው ነገር ምን እንደነበር ልንገራችሁ? ከእራት በኋላ ማንም «ተነሺ ቡና አፍዪ» አይለኝም ነበር፡፡ በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ከምሽቱ 1 ሰዓት እስከ 4 ሰዓት ያለው ጊዜ የራሴ ሆነ፡፡ ክፍሌ ውስጥ ከሠላሳ በላይ የሚሆኑት ልጆች ስለዚህ ነገር ተመሳሳይ ነገር ይነግሯችኋል፡፡ ስለዚህ የኔ ጥያቄ ዶርም ይዘጋ የሚል አይደለም፤ በየወረዳው ይሠራ ባይ ነኝ፡፡ በሩ ላይ ነው ፀቤ፡፡

ፀቡ ደግሞ ርካሽ ነው፡፡ መንግሥትን በጀት፣ ለጋሽን ፕሮፖዛል የሚያስጠይቅ አይደለም፡፡ ከውስጥ የሚሳብ መቀርቀሪያ ምናለሽ ተራ ያለ ማንኛውም ብረት ሠሪ ሻይ እየጠጣ ይሠራዋል፡፡ የመስኮት ፍርግርጉ ይኑር፣ ግን አንዱ ማጠፊያ ይግባለትና ከውስጥ ይከፈት፡፡ 48 ሰው የሚያድርበት ክፍል ሁለተኛ በር ይውጣለት፤ ለዶሮ ቤት እንኳ ሁለት ቀዳዳ እንተዋለን፡፡ ኃላፊዋ ከሜዳው ማዶ ሳይሆን እዚያው ዶርሙ ውስጥ፣ በር አጠገብ ባለች ክፍል ይተኙ፤ እትዬ ቁልፌ እውነቴን ነው፣ ከዚያ ከብርዳም ቤታቸው ይሻላቸው ነበር፡፡ ዘበኛም ይጨመር፣ አጥርም ይጠንክር፣ በግቢው በር ላይ ጓጉንቸር ሦስት ይሰቀል፣ አልከራከርም፡፡ የግቢ በርና የመኝታ ክፍል በር አንድ አይደለም፡፡ ሽንት ቤቱ ጋ የሚያደርስ መብራትም ይብራ፣ ባልዲውም ጡረታ ይውጣ፡፡ ጭኮ ለመላክ ሌላ ምክንያት አይጠፋም፡፡

መስከረም ሲመጣ ምዝገባ አለ፡፡ አባቶች ፍራሽ ተሸክመው፣ እናቶች የበሶ ጆንያ ይዘው ይመጣሉ፡፡ ወጥ ቤቱን ያያሉ፣ ቤተ ክርስቲያኑ ወይም መስጊዱ ስንት ደቂቃ እንደሚርቅ ይጠይቃሉ፣ ዘበኛውን «አደራህን» ብለው አስር ብር ያስጨብጡታል፡፡ በሩን የሚያይ ግን የለም፡፡ ዘንድሮ እስቲ ሴት ልጃችሁን ልታስገቡ የምትሄዱ፣ ፍራሹን እንዳስቀመጣችሁ ዳይሬክተሩን «ጌታዬ፣ አንዴ ክፍሉን ያሳዩኝ» ብላችሁ ወደ ውስጥ ይዛችኋቸው ግቡ፡፡ ልጃችሁ ውጭ ትቅር፡፡ በሩን ዘግታ በጓጉንቸሩ ትቆልፍባችሁና ቁልፉን ይዛ ሜዳውን ተሻግራ ትቀመጥ፡፡ አስር ሰዓት አላልኩም፤ ሻይ እስኪፈላ ያህል ይበቃል፡፡ ዳይሬክተሩ ከቸኮሉ ባልዲው ከመጨረሻው አልጋ ሥር ነው፡፡